አዋጅ ያልሻረው በዓል፤ የሮማ የቅዳሴ ዓመት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን

«ውሃን ምን ያስጮኸዋል? ድንጋይ» ይላሉ አበው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ገበሬ ጦሩንና ጋሻውን ይዞ በገዛ ንጉሡ ላይ እንዲነሳ ያደረገው ድንጋይ ምን ነበር? በትምህርት ቤት የተነገረን መልስ አጭር ነው። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆኑ፣ ሕዝቡ እምቢ አለ፣ ደም ፈሰሰ፣ ፋሲል ነገሡ። መልሱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ ዘልሎ ያልፋል። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በግዕዝ እየጠቀሱ የሚከራከሩት ጥቂት ሊቃውንት ነበሩ። የላስታና የበጌምድር ገበሬ ሞፈሩን ጥሎ፣ ልጆቹን በትኖ የዘመተው ለሊቃውንቱ ክርክር ሲል ብቻ ነው ወይ? እኛ አይመስለንም። የተነካበት ነገር ከዚያ ይልቅ ለጎጆው የቀረበ ነበር፤ ቅዳሜው፣ ረቡዑ፣ ገናው፣ ጥምቀቱና ታቦቱ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ታሪክ የምናነሳው የካቶሊክ እምነት ተከታይ የሆኑ ወገኖቻችንን ለመውቀስ አይደለም። እነርሱም ከዚያ ታሪክ የተረፋቸው መከራ እንጂ ጥቅም እንዳልሆነ ወደ ኋላ እናያለን። የምናነሳው ቤተ መንግሥት እጁን ወደ መቅደስ በሰደደ ቁጥር ምን እንደሚከተል የሚያሳይ፣ በራሳችን አገር የሆነ፣ የታወቀ ምስክር ስለሆነ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሮማ ዓመትና የኢትዮጵያ ዓመት

መጀመሪያ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እንይ። በላቲኑ የካቶሊክ ሥርዓት የቅዳሴው ዓመት የሚገባው ከገና በፊት ባለው አራተኛ እሑድ ነው። ወቅቱ የጌታን መምጣት የመጠበቂያ ጊዜ ስለሆነ ካህኑ ሐምራዊ ልብስ ይለብሳል። ዲሴምበር 25 ቀን ገና ሲገባ ሐምራዊው በነጭ ይለወጣል። ዐቢይ ጾም የሚጀምረው በረቡዕ ቀን፣ ምእመናን ግንባራቸው ላይ አመድ ተቀብተው ነው፤ እሑዶቹ ሳይቆጠሩ 40 ቀን ይጾማል። ለፋሲካ ነጭ፣ ለጰራቅሊጦስና ለሰማዕታት ቀይ፣ በቀረው መደበኛ ጊዜ አረንጓዴ ይለበሳል። ይህ የቀለም ሥርዓት ጳጳስ ፒዮስ 5ኛ በ1570 ባወጡት የቅዳሴ መጽሐፍ ውስጥ ተደንግጓል።

የኢትዮጵያ ዓመት ግን ከመስከረም 1 ተነስቶ ከዝናቡና ከእርሻው ጋር አብሮ ይሄዳል። አበባው ሲፈነዳ ዘመነ ጽጌ ይገባል፤ አዝመራ ሲሰበሰብ የነቢያት ጾም፣ ከዚያ ገናና ጥምቀት፣ ከዚያ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም፣ በዝናቡ ማህል ደግሞ ፍልሰታ ይመጣል። በየወሩ የሚመላለሱት የሚካኤል፣ የማርያም፣ የጊዮርጊስ ቀኖች የማኅበርና የጽዋ ቀኖች ናቸው። ገበሬው መቼ እንደሚያርስና መቼ እንደሚያርፍ፣ ማኅበርተኛው መቼ እንደሚገናኝ የሚነግረው ይኸው የበዓል ቀመር ነበር።

ዕቃዎቹም እንደዚሁ በከፊል ይመሳሰላሉ፣ በከፊል ይለያያሉ። ጽዋው፣ ጻሕሉ፣ ጽናውና መስቀሉ በሁለቱም ዘንድ አሉ። በላቲኑ ሥርዓት የሚቀደሰው ኅብስት ቂጣ ነው፤ በኢትዮጵያው እርሾ የገባበት ነው። በዚያ ዘመን የላቲን ምእመን ሥጋውን ብቻ ሲቀበል፣ የኢትዮጵያ ቆራቢ ግን ደሙንም በዕርፈ መስቀል ይቀበል ነበር። የላቲኑ መንበር የሰማዕታት ዐፅም የተቀመጠበት የተባረከ ድንጋይ ሲኖረው፣ በኢትዮጵያ ያንን ቦታ የያዘው ታቦት ነው። ላቲኖቹ የቅዱሳንን ሐውልት ቀርጸው ያቆማሉ፤ ኢትዮጵያውያን ሥዕል ይስላሉ።

ገና አንድ ቀን በነበረበት ጊዜ

ብዙዎቻችን የማናስተውለው አንድ ነገር አለ። እስከ 1582 ድረስ ሮማም ኢትዮጵያም ገናን የሚያከብሩት በአንድ ቀን ነበር። የእኛ ታኅሣሥ 29 በአሮጌው የሮማ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ማለት ነውና። በዚያ ዓመት ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ አቆጣጠሩን ለማረም 10 ቀን ዘለሉ፤ ከኦክቶበር 4 ማግስት ኦክቶበር 15 ሆነ። ያ የ10 ቀን ልዩነት እያደገ ሄዶ ዛሬ 13 ደርሷል። ፈረንጅ ገናውን ካከበረ በኋላ እኛ በስደት አገር ጃንዋሪ 7 ላይ ከሥራ ፈቃድ የምንለምነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን «እውነተኛው አቆጣጠር» ብለው ይዘውት የመጡት ቀመር በአገራቸው ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት እንኳ ያልሞላው ነበር። ፕሮቴስታንቷ እንግሊዝ እስከ 1752 አልቀበልም ብላ ቆይታለች። ከአባቶቹ የወረሰውን ቀን ይዞ የቆየው የኢትዮጵያ ገበሬ ግን እንደ ተሳሳተ ሰው ተቆጠረ።

ከፓኤዝ ወደ ሜንዴዝ

ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ግዕዝና አማርኛ የተማሩ፣ ትዕግሥት የነበራቸው ሰው እንደነበሩ ወዳጅም ጠላትም ይመሰክራል። በዚያም ጊዜ ቢሆን ግን ነገሩ ሰላም አልነበረም። በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን የንጉሡን አማች ዮልዮስን ደግፈው በተነሳው ጦርነት ሞቱ። በ1620 አፄ ሱስንዮስ የቅዳሜ ሰንበትን ማክበር በአዋጅ ሲከለክሉ በበጌምድር ዮናኤል አመፀ። በ1622 ንጉሡ የሮማን እምነት መቀበላቸውን በይፋ ገለጹ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት አረፉ።

በ1625 ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጡ። በፌብሩዋሪ 1626 በደንቀዝ በተደረገው ሥነ ሥርዓት ንጉሡ ተንበርክከው ለጳጳስ ኡርባን 8ኛ ታዛዥነታቸውን በወንጌል ማሉ። መኳንንቱም ካህናቱም ተከትለው ማሉ። ቀጥሎ የመጡት ትእዛዞች ግን ከቤተ መንግሥት አልፈው እያንዳንዱ ደብር ደረሱ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ አዲስ ይባረኩ፣ ግዝረት ይቅር፣ ቅዳሴው ወደ ላቲን ሥርዓት ይስተካከል፣ በዓላቱ በሮማ አቆጣጠር ይዋሉ፣ የረቡዕ ጾም ወደ ቅዳሜ ይዛወር ተባለ።

እስቲ በዚያ ዘመን በነበረ ምእመን ቦታ ሆነን እናስበው። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አዲስ ይባረክ ሲባል፣ አባቱ የቆረበበትና አያቱ የተቀበረበት ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነበር ማለት ነው። ካህኑ እንደገና ይካን ሲባል፣ እሱን ያጠመቀውና እናቱን የፈታት ሰው ካህን አልነበረም ማለት ነው። የሥነ መለኮት ክርክሩ ባይገባው ይህ ይገባዋል።

የቅዳሜው ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነበር። ቅዳሜን እንደ እሑድ የማክበር ጥያቄ ኢትዮጵያን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሮ፣ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ተሰደውበትና ተገፍተውበት፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነበር ዕልባት ያገኘው። በስንት መከራ የተገኘውን የበዓል ቀን ወደ ጾም ቀን መለወጥ የአገሬውን ታሪክ ከማያውቅ ሰው ብቻ የሚመጣ ሐሳብ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ሮማ ራሷ ከዚያ በፊት የተሻለ መንገድ የምታውቅ መሆኗ ነው። በቫቲካን ግቢ በሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይኖሩ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን እዚያው ሮማ ውስጥ ሲያሳትሙ የግዕዙን ቅዳሴ አብረው አሳትመዋል። ማለትም ሜንዴዝ ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው ከ70 ዓመት በላይ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ቅዳሴ በጳጳሱ ከተማ፣ በማተሚያ ቤት ታትሞ ወጥቶ ነበር። ሮማ ላይ የታተመው ቅዳሴ ደንቀዝ ላይ እርማት የሚሻ ሆነ።

ወይና ደጋ

አመፁ ከዚህም ከዚያም ተነሳ። ላስታ መልክዓ ክርስቶስን አንግሦ ሸፈተ። ንጉሡ ነገሩ እንደማያዋጣ ሲገባቸው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፓትርያርኩ ጥቂት ነገር እንዲያላሉ አግባቧቸው። አሮጌው ቅዳሴ ከታረመ በኋላ ይቀደስበት፣ ከፋሲካና ፋሲካን ተከትለው ከሚመጡት በቀር በዓላቱ በአገሩ አቆጣጠር ይዋሉ፣ የፈለገ በቅዳሜ ፈንታ ረቡዕን ይጹም ተባለ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ንጉሡ አመፁን ለማብረድ ሲሉ መጀመሪያ የመለሱት ቀኑንና ቅዳሴውን ነው። ሕመሙ የት ላይ እንደነበረ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለንም። ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

በጁን 1632 የንጉሡ ጦር ከላስታ ገበሬዎች ጋር ወይና ደጋ ላይ ገጠመ። ድሉ የንጉሡ ሆነ። 8,000 ያህል ሰው እንደወደቀ ተጽፏል። ልዑል ፋሲለደስ አባታቸውን ወደ ሬሳው ክምር ወስደው፣ የሞቱት አረማውያን ሳይሆኑ የራሳቸው ክርስቲያን ወገኖች መሆናቸውን፣ እንዲህ ያለው ድል ሽንፈት መሆኑን እንደነገሯቸው ይተረካል። አፄ ሱስንዮስ በዚያው ወር የአባቶቹን ሃይማኖት የፈለገ ወደዚያው ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩ። ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ፤ በሴፕቴምበር አረፉ። በሕዝቡ አፍ «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተብሎ የቀረው የዚያን ጊዜው ነገር ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለብዙዎቻችን ደስ ባለን። ግን አላለቀም። አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ፤ ከቀይ ባሕር ወደቦች የቱርክ ገዢዎች ጋር ተስማምተው ሌሎች እንዳይገቡ መንገድ ዘጉ። በ1638 አጋታንጅና ካሲያን የተባሉ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት ጎንደር ላይ በሞት ተቀጡ። በግድ የመጣው በግድ ተመለሰ፤ ጅራፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ እንጂ አልተጣለም።

ሮማ የተማረችው

ትምህርቱ ለመግባት ሁለት ምዕተ ዓመት ፈጀ። በ1839 የመጡት ጣሊያናዊው አቡነ ያዕቆብ (ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ) የላቲኑን ቅዳሴ ትተው የግዕዙን ያዙ፤ የአገሩን ሰው መስለው፣ የአገሩን ጾም ጹመው ኖሩ። የእርሳቸው ተከታይ የሆኑት ሊቁ አባ ገብረ ሚካኤል ግን በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ አረፉ፤ ሮማ በ1926 ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች። እኒህ ሰው በግዕዝ ቅዳሴ ያደጉ፣ በእምነታቸው ምክንያት በገዛ አገራቸው መንግሥት የታሰሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው። የሜንዴዝን ዕዳ የከፈሉት እርሳቸው ሆኑ።

በ1962 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በተከፈተበት ወቅት የግዕዙ ቅዳሴ ከከበሮው ጋር በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ተሰማ። በ1964 ጉባኤው ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ የየራሳቸውን ሥርዓት እንዲጠብቁ፣ ከአባቶቻቸው ወግ የራቁም ቢኖሩ ወደዚያው እንዲመለሱ አዘዘ። ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በአዲግራት፣ በእምድብርና በባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከቶች ያሉ ካቶሊኮች በግዕዝ ሥርዓት ይቀድሳሉ፤ በደቡብና በምዕራብ ያሉት በላቲኑ። ገናቸውም ታኅሣሥ 29 ነው። ሜንዴዝ በጦር ሊያጠፉት ያልቻሉትን ቀን የሜንዴዝ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ታከብረዋለች።

ለእኛስ?

ሩቅ ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ ቅርቡ እንምጣ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የመንግሥት ለውጥ የወለደው መከፋፈል የኦርቶዶክስ ተዋሕዶን ሲኖዶስ ለሁለት ከፍሎ፣ እኛን በስደት ያለነውን «የአገር ቤት»፣ «የስደተኛው»፣ «ገለልተኛ» እያሰኘ በአንድ ከተማ ውስጥ በተለያየ ደጅ አስቁሞናል። ዕርቁ የወረደው በ2018 ነው። በጃንዋሪ 2023 ደግሞ ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ በተካሄደ የጳጳሳት ሹመት የተነሳ ሌላ ቀውስ ተቀሰቀሰ፤ በሻሸመኔ የሰው ሕይወት ጠፋ። በዚያ ውስጥ የመንግሥት እጅ አለበት የሚለው ክስ ነበር፤ ምእመኑ በቋንቋው ይገልገል የሚለው ጥያቄም ነበር። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ሰው በቋንቋው ልቀድስ፣ ልማር ቢል ይህ የራሱ የምእመኑ መብት ነው፤ ሜንዴዝ የነፈጉትም ይህንኑ ነበር። የማይገባው ባለሥልጣን በዚያ ጥያቄ ላይ ተፈናጥጦ መቅደስ ሲገባ ነው።

በ2025 የሮማም የኢትዮጵያም ፋሲካ በአንድ ቀን ዋለ፤ ኤፕሪል 20፣ ሚያዝያ 12። ማንም አዋጅ አላስነገረም፣ ማንም አልተገረፈም። የጨረቃና የፀሐይ ቀመር ብቻውን አገናኛቸው። በ2028ም፣ ኤፕሪል 16 ቀን፣ እንደዚሁ ይገናኛሉ። በተረፉት ዓመታት ደግሞ እያንዳንዱ በየቀኑ ያከብራል፤ ለጎረቤቱም የፋሲካውን ድፎ ይልካል። አገር የምንመራ ወይም ለመምራት የምንመኝ ሁሉ ከወይና ደጋ ሬሳ መማር ካቃተን፣ ከዚህ እንማር።

ቸር ያሰማን።