የጉግሥ ሜዳን አቧራ ለመግታት የምንጭ ውኃ አይነካ

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ያከብራል። በጥምቀት ሰሞንም በብዙ የገጠር ሜዳዎች ጉግሥና የፈረስ እሽቅድምድም ይደረጋል። ይሁን እንጂ ጥር የበጋ ወር በመሆኑ ሜዳው ደርቆ፣ በኮቴ ተደብድቦ ዱቄት ይሆናል።

አቧራው ጉዳት አለው። ጉግሠኛው ከፊቱ የሚወረወረውን ዘንግ አያይም፤ ከጎኑ የሚጋልበውንም አይለይም። ፈረሱ በሩጫ ላይ አየር በብዛት ስለሚስብ ደቃቁ ብናኝ ወደ ሳንባው ገብቶ ያስለዋል። በዳር ቆመው የሚመለከቱ ሕፃናትና አረጋውያንም ይቸገራሉ።

መድኃኒቱ ውኃ ነው። ጥያቄው ውኃው ከየት ይምጣ የሚለው ነው። በ1 ካሬ ሜትር 5 ሊትር ቢረጭ፣ 100 ሜትር ርዝመትና 40 ሜትር ስፋት ላለው ሜዳ 20,000 ሊትር፣ ማለትም 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል 100 በርሜል ያስፈልጋል። ይህም በቀን 5 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሚጠቀም አንድ ቤተሰብ የ200 ቀን ውኃ ነው። ምንጭ በሚቀንስበት ወር ይህን ያህል ውኃ ከመጠጥ ምንጭ ቀድቶ ለሜዳ ማፍሰስ እናቶችንና ከብቶችን ማስጠማት ነው። በመሆኑም የማኅበር መሪዎች ከወዲሁ ሊያስቡባቸው የሚገቡ ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የሚረጨውን ቦታ መቀነስ ነው። ፈረሶቹ የሚሮጡበት 15 ሜትር ስፋት ያለው መስመር ብቻ ቢረጭ የሚያስፈልገው 7,500 ሊትር ወይም 38 በርሜል ያህል ነው። የቀረው ሜዳ ክረምቱ ሲወጣ ከግጦሽ ተከልሎ ቢቆይ የሣሩ ሥር አፈሩን ይይዘዋል።

ሁለተኛ፣ የክረምቱን ጎርፍ ማቆር ነው። 6 ሜትር ርዝመት፣ 5 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 60,000 ሊትር ይይዛል። ሆኖም እስከ ጥር ድረስ ፀሐይና ስርገት ብዙውን ስለሚወስዱት ታቹና ጎኑ በሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ ይመረግ፤ ከተገኘም የፕላስቲክ ሸራ ይነጠፍበት። ኩሬው ከሜዳው ከፍ ባለ ቦታ ቢቆፈር ውኃው በራሱ ክብደት በቧንቧ ይወርዳል፤ ሞተርም ነዳጅም አይጠይቅም። ሕፃናትና እንስሳት እንዳይገቡበት ግን ዙሪያውን ማጠር ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፣ አረጫጨቱን ማወቅ ነው። ውኃውን በቦይ ለቆ ማጥለቅለቅ ጭቃ ያመጣል። ጋሪ ላይ በርሜል ጭኖ፣ ከኋላው የተበሳሳ ቧንቧ አጋድሞ መርጨት ይበልጣል። 38ቱን በርሜል በሁለት ምሽት ከፍሎ በ4 ጋሪ ማመላለስ ለእያንዳንዱ ጋሪ በምሽት 5 ዙር ያህል ነው። ምሽት የተመረጠውም ፀሐይና ነፋስ ውኃውን ሳይወስዱት ወደ አፈሩ እንዲሰርግ ነው።

በማግሥቱ አንድ እፍኝ አፈር ጨብጦ መፈተን ይቻላል። ተጨብጦ ቅርጽ ከያዘና እጅ ላይ ካልተለጠፈ ደህና ነው፤ ዱቄት ሆኖ ከፈሰሰ ውኃ ይጨመር፤ እጅ ላይ ከተለጠፈ ግን ፈረስ ስለሚያንሸራትት ጠፈፍ እስኪል ይቆይ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስ አፈሩንና የምንጩን ውኃ ስለሚበክል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

እንግዲህ ኩሬው ለአንድ ቀን በዓል ብቻ የሚቆፈር አይደለም። ከሜዳው የተረፈው ውኃ በየካቲትና በመጋቢት ለከብት መጠጥና ለጓሮ አትክልት ይውላል። ስለዚህ መሪዎች አባላቱን ሰብስበው ቦታውን መምረጥ፣ የጉልበቱን ድርሻ መመደብና ቁፋሮውን ከሰኔ በፊት መጨረስ ይገባቸዋል። የበጋ ውኃ የሚገኘው በክረምት ከታቆረ ብቻ ነውና።