ጠልሰምና ታሮት፦ ምልክትን ለትንቢትና ራስን ለመመርመር መጠቀም

ታሮት ዛሬ በብዙ አገሮች ዕጣ ፈንታን ለመተንበይ ብቻ ሳይሆን ውስጣዊ ሕይወትን ለመመርመርም ያገለግላል። ይህ አጭር ጽሑፍ ታሮትን ከኢትዮጵያ የጠልሰምና የዐውደ ነገሥት ትውፊት ጋር በማነጻጸር ሁለቱ አጠቃቀሞች የሚለያዩበትን ነጥብ ያብራራል።

ታሪካዊ መነሻ

ታሮት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ የተጀመረ የካርታ ጨዋታ ነበር። የተለመደው ስብስብ 22 ዐበይትና 56 ንዑሳን፣ በድምሩ 78 ካርታዎች አሉት። ኩር ደ ዤብለን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1781 የካርታዎቹን ምንጭ ያለማስረጃ ከጥንታዊት ግብፅ ጋር ካያያዘ በኋላ የምሥጢር ጥበብ መሣሪያ ተደርገው ይታዩ ጀመር።

በዚያው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቆላንና አስማትን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ ተቃውሟቸው በመጽሐፈ ብርሃንም ተንጸባርቋል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን የሚገልጽ ቃል በእጁ ላይ እንዲያደርግ አዘው ነበር። ስለዚህ ክርክሩ ጽሑፍና ምልክት ኃይል አላቸው ወይ በሚለው ላይ ሳይሆን ኃይሉ ከማን ይመጣል በሚለው ላይ ያተኮረ ይመስላል።

የሚመለከት ሥዕል

የብራና ክታብ የሚዘጋጀው ለአንድ ተለይቶ ለታወቀ ሰው ነው። በትውፊቱ የብራናው ርዝመት ከባለቤቱ ቁመት ጋር ይስተካከላል፤ የክርስትና ስሙም በጸሎቱ መካከል ይገባል። ከመርበብተ ሰሎሞንና ከሱስንዮስ ጸሎት ጋር ሰይፍ የያዙ መላእክት፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብና ትላልቅ ዐይኖች ይሣላሉ። ክታቦቹን ለረጅም ዘመን ያጠናው ዣክ መርሲዬ እንደሚያስረዳው፣ ሕመምተኛው ሥዕሉን ሲያይ በእርሱ ያደረው መንፈስም በዐይኖቹ በኩል ያየዋል፤ አይቶም ይሸሻል። በታሮት ሰው ሥዕሉን ይተረጉማል፤ በጠልሰም ግን ሥዕሉ ራሱ ሰውን ይመለከታል።

የሚወስን ቁጥር

ዐውደ ነገሥት በሌላ መንገድ ይሠራል። የጠያቂውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተሰልተው ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ12 ሲካፈል ቀሪው ከሐመል እስከ ሑት ካሉት ከዋክብት አንዱን ያመለክታል። ጠያቂው ውጤቱን የሚቀበለው እንደተወሰነለት ነገር እንጂ እንደሚያሰላስለው ጥያቄ አይደለም።

መደምደሚያ

ልዩነቱ በተግባር ከባድ ውጤት አለው። ልጁ የታመመበት አባት «ማን አመመው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ትንቢት ጎረቤትን በቡዳነት ሊያስወነጅል ይችላል። ራስን ለመመርመር የሚቀርብ ምልክት ግን «ምን አስፈራኝ? ምንስ ላድርግ?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ጠያቂው ይመልሳል። ይህም ሕክምናን ወይም ጸሎትን አይተካም።

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ ይህን ትውፊት የሚያጠና ተመራማሪም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ክታብ የባለቤቱን ስምና ሕመም የያዘ የግል ሰነድ በመሆኑ፣ ምስሉ ከመታተሙ በፊት ፈቃድ መጠየቅና ስሙን መሸፈን ተገቢ ነው።