የሰው መድኀኒቱ ሰው ነው

ስለ ጤና አጠባበቅ ሲነገር ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የምናስበው ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ዝንብ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን በ1948 በሥራ ላይ የዋለው የዓለም የጤና ድርጅት መመሥረቻ ሕግ፣ ጤና ማለት በሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን በአካል፣ በአእምሮና በማኅበራዊ ኑሮ ፍጹም ደኅና መሆን እንደ ሆነ ይገልጻል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) እንግዲህ አንድ ሰው በወዳጅና በጎረቤት መካከል መኖሩ ወይም ብቻውን መቅረቱ እንደ ውሃውና እንደ ምግቡ የጤና ጉዳይ ነው ማለት ነው።

አባቶቻችን «የሰው መድኀኒቱ ሰው ነው» ሲሉ የኖሩትን ነገር የዛሬው ምርምር በቍጥር አረጋግጦታል። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ አላሚዳ በተባለው አውራጃ የሚኖሩ 6,928 ጐልማሶች ከ1965 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ሲጠኑ ቈይተው ውጤቱ በ1979 ታተመ። ከትዳር፣ ከዘመድ፣ ከወዳጅና ከማኅበር እጅግ የራቁት ሰዎች፣ በእነዚህ ከታቀፉት ይልቅ በዚያ ዘመን ውስጥ የመሞታቸው መጠን በወንዶች ከሁለት እጥፍ በላይ፣ በሴቶችም ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። ትንባሆ ማጤስ፣ መጠጥና የኑሮ ደረጃ የሚያመጡት ለውጥ ከሒሳቡ ቢወጣም እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም። በ2010 ደግሞ 308,849 ሰዎች የተካፈሉባቸው 148 ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፣ የጠበቀ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቈየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በመቶ 50 በልጦ ተገኘ።

ስለ አእምሮ ጤናም ቢሆን ነገሩ ይኸው ነው። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ የተባሉ ሊቃውንት በለንደን ከተማ በካምበርዌል ሰፈር የሚኖሩ ሴቶችን አጥንተው በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ከባድ መከራ ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል የልባቸውን የሚያዋዩት የቅርብ ሰው የሌላቸው፣ ካላቸው ይልቅ በድብርት ሕመም በብዛት ተይዘዋል። መከራው ተመሳሳይ ሲሆን ሕመሙን የለየው የሚሰማ ጆሮ መኖሩና አለመኖሩ ነበር።

ይህ እንዴት ይሆናል ቢሉ፣ ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። ሰው በጭንቀት ላይ ሲሆን ሰውነቱ ለአደጋ እንደ ተዘጋጀ ሁሉ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ እንቅልፍም ይርቃል። ይህ ሁኔታ ለጥቂት ጊዜ ቢሆን አይጐዳም፤ ለወራትና ለዓመታት ሲዘልቅ ግን ልብንና የደም ሥርን ያደክማል። የሚያምኑት ሰው በአጠገብ መኖሩ ይህን ጭንቀት ያበርዳል። ከዚህም በላይ ወዳጅ ያለው ሰው፣ «ከስተሃል፤ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ወደ ሐኪም የሚልከው አያጣም፤ ብቻውን ለሚኖር ግን ሕመሙን ቀድሞ የሚያይለት የለም።

በኑሮ መርካትም ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነው። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት 222 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን መርምሮ፣ ከሁሉ ይልቅ ደስተኞች ሆነው የተገኙት ጥሩና የጠበቀ ወዳጅነት ያላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። ይሁን እንጂ የሚቈጠረው የወዳጅ ብዛት አይደለም። በየቀኑ በመቶ ሰዎች መካከል እየዋለ የልቡን የሚነግረው አንድ ሰው የሌለው አለ፤ በአንጻሩ ሁለት እውነተኛ ወዳጆች ብቻ ኖረውት ረክቶ የሚኖር አለ።

በዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ብቸኝነት ድብርትን እንደሚያመጣ ሁሉ፣ ድብርትም በበኩሉ ብቸኝነትን ያመጣል። የታመመው ሰው ከሰው መሸሽ ይጀምራል፤ ቡና ሲጠራ አይመጣም፤ ከማኅበር ይቀራል፤ ሰላምታ ሲሰጡት በአጭሩ ይመልሳል። ጎረቤቱም «ኰርቷል» ወይም «ተቀይሟል» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ መጠየቅ የሚያስፈልገው ሰው፣ ከሁሉ ይልቅ የማይጠየቀው ሰው ሆኖ ይቀራል።

የአገራችን ሕዝብ በመረዳዳት ልማዱ የታወቀ ነው። ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ ማኅበሩና የቡናው ሥርዐት ሰውን ከሰው ጋራ የሚያስተሳስሩ ናቸው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤትም ምግብ ይዞ ይሰበሰባል። ድብርት ለያዘው ሰው ግን ጡሩምባ አይነፋለትም። ኀዘንተኛዋም ብትሆን፣ ዐርባው ከወጣ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልባት፣ ኀዘኑ የሚከብደው ጠያቂው በቀነሰበት በዚያ ጊዜ ነው። እንደዚሁም ወደ ሩቅ ከተማ ተዛውሮ በኪራይ ቤት የሚኖር አስተማሪ፣ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የተቀጠረች ልጅና ልጆቻቸው ባሕር ማዶ የሄዱባቸው ሽማግሌ ብዙውን ጊዜ ከዕድርም ከቡናም ውጭ ናቸው።

ጠያቂ ለመሆን የሐኪም ትምህርት ግዴታ አይደለም። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ2006 ዐሥራ አራት አሮጊቶችን አሠልጥነው ሥራ ጀመሩ። አሮጊቶቹ በጤና ጣቢያው ቅጥር ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ሰው ያዳምጣሉ፤ ችግሮቹን አንድ በአንድ እንዲዘረዝር ያደርጋሉ፤ ከዚያም አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግለት ይረዱታል። በዚያው ከተማ 573 በሽተኞች የተካፈሉበትና በ2016 የታተመው ጥናት፣ እንዲህ የተረዱት ከስድስት ወር በኋላ የድብርትና የጭንቀት ምልክታቸው ከሌሎቹ ይልቅ መቀነሱን አረጋግጧል።

እንግዲህ እያንዳንዳችን ልንፈጽማቸው የምንችላቸው ተግባሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ የቀረውን ሰው መቍጠር። ዕድርተኛ ወይም ማኅበርተኛ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሲቀር፣ ቅጣቱን ከመጻፍ አስቀድሞ አንድ ሰው ቤቱ ሄዶ ይጠይቀው። ኀዘንተኛንም ከዐርባው በኋላ በየሳምንቱ ተራ ገብቶ መጠየቅ መልካም ልማድ ነው።

ሁለተኛ፤ ማዳመጥ። ለተጨነቀ ሰው «አይዞህ፣ ተወው» ወይም «ካንተ የባሰ አለ» ብሎ ነገሩን መዝጋት አይጠቅምም። «እስቲ ንገረኝ» ብሎ ዝም ማለት ይበልጣል። የነገረንንም ምስጢር መጠበቅ ይገባል።

ሦስተኛ፤ መምህራን ተማሪዎቻቸውን መመልከት። ቀድሞ ይጫወት የነበረ ልጅ በዕረፍት ጊዜ ብቻውን መቆም ሲያዘወትር፣ ትምህርቱ ሲወርድ ወይም ደጋግሞ ሲቀር፣ ከመገሠጽ በፊት ለብቻው ጠርቶ ማነጋገር ያስፈልጋል። አዲስ የመጣ አስተማሪም ቢኖር ባልደረቦቹ በመጀመሪያው ሳምንት ቡና ይጥሩት።

አራተኛ፤ ወደ ሕክምና መምራት። ትካዜው፣ የእንቅልፍ ማጣቱና የሥራ ፍላጎት መጥፋቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቈይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያሻል። የወዳጅ ድጋፍ ሕክምናን ያግዛል እንጂ አይተካም። ሰውየው ሞትን እንደሚመኝ ቢናገር ወይም ቢያስጠረጥር፣ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደ ሆነ በግልጽና በርኅራኄ መጠየቅ ነው፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን ሳይተዉ፣ መርዝንና ሌላውንም አደገኛ ነገር ከአጠገቡ አርቆ በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል።

በሕመም የተያዘውም ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም» የሚለውን ያስታውስ። የአእምሮ ሕመም እንደ ወባና እንደ ሳንባ ምች ሕመም ነው እንጂ ነውር አይደለም።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ከዐይናችሁ የጠፋ አንድ ጎረቤት ወይም ባልደረባ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። እርሱ እስኪመጣ አትጠብቁት፤ ዛሬውኑ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ።