ፖስትግሬስ 18 እና የወሩ ሪፖርት

በጤና ተቋማት ወሩ የሚቆጠረው ከ21 እስከ 20 ነው። 20 ሲደርስ በሰሜን ወሎ በመርሳም፣ በውርጌሳም፣ በወልድያም ያሉ የጤና መረጃ ባለሙያዎች ያን ሰሞን ከኮምፒውተር ፊት አይነሱም። ከመዝገብ እየተለቀመ በቆጠራ ቅጽ ላይ በጭረት የተያዘው የነፍሰ ጡሮች ክትትል፣ የሕፃናት ክትባትና የወባ ታማሚዎች ቁጥር ዲኤችአይኤስ 2 ወደሚባለው ሥርዓት ይገባል። ጅማም ጎንደርም ያሉ ባልደረቦቻቸው በዚያው ሰሞን ይህንኑ ያደርጋሉ። ሥርዓቱን የሚያበለጽገው በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በአገር ደረጃ ይጠቀምበታል፤ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርም ያውቃል። ባለሙያው የሚያየው ይህን ነው። ቁጥሩን ተቀብሎ የሚያስቀምጠውና ሲጠየቅ ፈልጎ የሚያወጣው ግን ከበስተጀርባ ያለው ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስ ነው።

ፖስትግሬስ የተጀመረው በ1978 ዓ.ም. በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ነው። ዛሬ ባለቤት ነኝ የሚል ኩባንያ የለውም፤ ፈቃድ አይሸጥም። የፋይዳ መታወቂያ የተገነባበት ሞሲፕ የሚባለው ሥርዓትም የሚሠራው በዚሁ ዳታቤዝ ነው። 18 የሚል ቁጥር ያለው የፖስትግሬስ ዋና እትም የወጣው መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በደመራ ዋዜማ ነበር። ከእትሙ ለውጦች መካከል ፍጥነትን የሚመለከቱት በተለይ እንደኛ አገር ሰርቨሩን በየዓመቱ መቀየር ለማይችል ተቋም የሚበጁ ስለሆኑ በእነሱ ላይ ላተኩር።

ትልቁ ለውጥ ከዲስክ የማንበቢያው መንገድ ነው። ፖስትግሬስ መረጃን የሚያስቀምጠው 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ከፍሎ ነው። ከ18 በፊት ገጽ ከዲስክ ሲፈልግ ይጠይቅና እስኪመጣለት ሥራ ፈትቶ ይጠብቅ፣ ሲመጣ አንብቦ ቀጣዩን ይጠይቅ ነበር። የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ አንድ ሠራተኛ ብቻውን አንድ ካርድ አምጥቶ፣ ተመልሶ ሌላውን ሲፈልግ ሰልፉ የሚረዝመው በዚሁ ምክንያት ነው። 18 ላይ ዳታቤዙ ብዙ ገጾችን ቀድሞ ያዝዛል፤ እነሱ እየመጡ እያለ እጁ የገባውን ይሠራል። ማምጣቱን ለረዳት ሂደቶች ይሰጣል፤ ተጠቃሚው ካልቀየረው በስተቀር ቁጥራቸው ሦስት ነው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ አይኦ ዩሪንግ የሚባለውን የሥርዓተ ክወናውን መንገድ መምረጥ ይቻላል። አዘጋጆቹ በሙከራ ንባቡ እስከ ሦስት እጥፍ የፈጠነበት ጊዜ እንዳለ ገልጸዋል።

ይህ ቁጥር ግን ለሁሉም ሥራ አይደለም። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ሰፊ ሰንጠረዥ ከዳር እስከ ዳር ሲነበብና ቫኪዩም የሚባለው የጽዳት ሥራ ሲካሄድ ነው። መጻፍን አያፋጥንም። መረጃው ሁሉ ራም ላይ ለሚያድርለት ባለጸጋ ሰርቨርም ብዙ አይጨምርለትም። ዲስኩ ዘገምተኛ ለሆነበት ወይም በኔትወርክ ርቆ ለተቀመጠበት ግን ትልቅ እፎይታ ነው፤ እኔም የምደሰትበት በዚህ ነው። መርሳ ላይ ሰው የሚጠብቀው በኔትወርኩና በመብራቱም ምክንያት ስለሆነ፣ ዳታቤዙ የሚቀንሰው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ኢንዴክስን፣ ማለትም ዳታቤዙ የሚፈልገውን ቶሎ የሚያገኝበትን ማውጫ ይመለከታል። አንድ ኢንዴክስ በመረጃ ዓይነት፣ በወር፣ በተቋም ቅደም ተከተል ተሠርቷል እንበል። አንድ ሰው የመረጃውን ዓይነት ሳይጠቅስ «የመርሳ ጤና ጣቢያ የጥቅምት ቁጥሮች» ቢል፣ የመጀመሪያው ዓምድ ስላልተጠቀሰ የቀድሞው ፖስትግሬስ ኢንዴክሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማሰስ ወይም ትቶት ሰንጠረዡን ማንበብ ነበረበት። አሁን ከአንዱ የመረጃ ዓይነት ወደሚቀጥለው እየዘለለ በእያንዳንዱ ሥር ጥቅምትንና መርሳን ብቻ ያያል። መዝለሉ የሚያዋጣው በተዘለለው ዓምድ ውስጥ ያሉት የተለያዩ እሴቶች ጥቂት ሲሆኑ ነው፤ በዚያ ቦታ ላይ የታካሚ ቁጥር ቢኖር ዋጋ የለውም። ሲሠራ ግን ተጨማሪ ኢንዴክስ ያስቀራል፤ እያንዳንዱ ትርፍ ኢንዴክስ ደግሞ ሪፖርት በሚገባበት ሰሞን መጻፉን ያዘገያል።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ከአሮጌ እትም ወደ አዲስ መሸጋገሪያው መሻሻሉን ነው። ዳታቤዙ አንድን ጥያቄ በየትኛው መንገድ እንደሚመልስ የሚወስነው ስለ ሰንጠረዦቹ በሰበሰበው ስታቲስቲክስ ነው። ከ18 በፊት ፒጂ አፕግሬድ በሚባለው መሣሪያ የተሻገረ ሰው መረጃውን ይዞ ስታቲስቲክሱን ይጥል ነበር። እንደገና እስኪሰበሰብ ድረስ ዳታቤዙ መንገድ የሚመርጠው በግምት ነው፤ በሰከንድ ያልቅ የነበረ ሥራ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ተጠቃሚው «አዲሱ ባሰበት» ይላል። ባለሙያ በማይበዛበት መሥሪያ ቤት ይህ ፍርሃት ብቻውን አሮጌ እትም ላይ ለዓመታት ያስቀምጣል። ወደ 18 ሲኬድ ስታቲስቲክሱ አብሮ ይሻገራል። የማይሻገረው ሰው በትእዛዝ ለጥምር ዓምዶች የፈጠረው ነው፤ ለእሱ አናላይዝ የሚባለውን ትእዛዝ ማስኬድ ያስፈልጋል።

በዚህ ጉዞ ላይ አንድ መሰናክል አለ። 18 አዲስ ሲተከል በየገጹ ላይ የማረጋገጫ ድምር ያስቀምጣል። ነባሩ ይህ ከሌለው ሁለቱ ስለማይጣጣሙ ሽግግሩ ይቆማል። መፍትሔው አዲሱን ያለ ድምር መትከል ወይም ነባሩን ዘግቶ ድምሩን አስቀድሞ ማስገባት ነው። ጥቂት ፍጥነት ቢወስድም ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያትም አለኝ። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ወረቀቱና ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሚቀረው አስቀድሞ ወደ ማዕከል የተላከው ቁጥር ነው። እሱ በተበላሸ ዲስክ ምክንያት ሳይታወቅ ቢዛባ ማንም አያስተካክለውም፤ ድምሩ ቢያንስ መበላሸቱን ይናገራል።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ተማሪ ይህን ሁሉ በራሱ ላፕቶፕ ያለ ክፍያ መሞከር ይችላል። የንባቡን ዘዴ መጀመሪያ ወደ ቀድሞው አሠራር፣ ቀጥሎ ወደ አዲሱ እየቀየረ፣ በየጊዜው ዳታቤዙን አጥፍቶ እያስነሳ ያንኑ ጥያቄ ኤክስፕሌይን አናላይዝ በሚባለው ትእዛዝ ያስኪደው። 18 ስንት ገጽ ከራሱ ማህደረ ትውስታ፣ ስንት ደግሞ ከዚያ ውጭ እንዳነበበ ሳይጠየቅ ያሳያል። ሰንጠረዡ ከላፕቶፑ ራም የሚበልጥ ይሁን፤ ካልሆነ ልዩነቱ አይታይም። እትሙ እስከ ኅዳር 2023 ዓ.ም. ድረስ በየሦስት ወሩ ገደማ እርማት ይወጣለታል።