ምድርና ነፍስ፤ ስለ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ፍርድ

አንድ የሃይማኖት አባት ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም ፍርድ እንዲሰጥ በተጠየቀ ጊዜ ሁለት ነገሮች ይቀርቡለታል። አንደኛው ከመጻሕፍት የተቀበለው ሕግ ነው፤ ሁለተኛው ግን በመጻሕፍት የማይገኘው የዘመኑ ሁኔታ ነው። የጠላት ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ፣ የተፈረመውም ውል የሚጸና መሆን አለመሆኑን ኦሪትም ሆነ ታልሙድ አይናገርም። በእስራኤል የሴፋርዲም አይሁድ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ ይህን ልዩነት መሠረት አድርገው የሰጡት ፍርድ፣ በዘመናችን የአይሁድ ሕግ ታሪክ ብዙ ካከራከሩት አንዱ ነው። የቤተ እስራኤልን ዕድል የለወጠው ፍርድም ከእኚሁ ሰው የወጣ ስለ ሆነ፣ አስተሳሰባቸውን መመርመር ለኢትዮጵያ ጥናት ጭምር ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦቫድያ ዮሴፍ በ1920 በባግዳድ ተወልደው በሕፃንነታቸው ወደ ኢየሩሳሌም መጡ፤ ፖራት ዮሴፍ በተባለውም የሴፋርዲም ትምህርት ቤት ተማሩ። ከ1947 እስከ 1950 በካይሮ በረቢነት አገለገሉ። በ1968 የቴል አቪቭ፣ ከ1973 እስከ 1983 ደግሞ የመላው እስራኤል የሴፋርዲም ዋና ረቢ ሆኑ። «ያቢያ ኦሜር» የተባለው ብዙ ቅጽ ያለው የጥያቄና የመልስ መጽሐፋቸው በሊቃውንት ዘንድ ታላቅ ስም አስገኝቶላቸዋል። ከዋና ረቢነት ከወረዱ በኋላ ሻስ የተባለው የፖለቲካ ማኅበር መንፈሳዊ መሪ ሆኑ፤ ይህም ማኅበር በ1984 ከ120ው የምክር ቤት መቀመጫዎች 4፣ በ1999 ደግሞ 17 አግኝቷል። እንግዲህ ፍርዳቸው በትምህርት ቤት ብቻ የሚቀር አልነበረም፤ መንግሥት ሊያቆም ወይም ሊያናጋ የሚችል ነበር።

እስራኤልና ግብፅ በ1978 በካምፕ ዴቪድ ተስማምተው በ1979 የሰላም ውል በተፈራረሙ ጊዜ፣ በጦርነት የተያዘን ምድር ለሰላም ሲባል መመለስ በሃይማኖት ሕግ ይፈቀዳልን የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው ሲናን ብቻ ሳይሆን የተስፋይቱ ምድር ክፍል ነው የሚባለውንም ሁሉ የሚነካ ነበር። ረቢ ኦቫድያ የመለሱት በ«ፒኩዋሕ ኔፌሽ» ሕግ ላይ ተመሥርተው ነው። ትርጓሜው ነፍስን ማዳን ማለት ሲሆን፣ «ኔፌሽ» የተባለው የዕብራይስጥ ቃል ከግእዙ «ነፍስ» ጋር አንድ ሥር አለው። በዚህ ሕግ መሠረት ጣዖትን ከማምለክ፣ ነውረኛ ዝሙት ከመፈጸምና ሰውን ከመግደል በቀር ማናቸውም ትእዛዝ የሰውን ሕይወት ለማዳን ሲባል ይሻራል።

ረቢው ያቀረቡት ምሳሌ የማስተስረያ ቀን ጾም ነው። በሽተኛ በዚያ ቀን መብላት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ረቢው የሐኪሙን ቃል ሰምቶ ሕጉን ይፈርዳል። ሐኪሞችም ቢለያዩ ጥርጣሬው ለሕይወት ወገን ይታሰባል። እንደዚሁም የጦር አለቆችና የመንግሥት አዋቂዎች ምድሩ ቢመለስ የጦርነት አደጋ ይርቃል፣ ባይመለስ ግን አደጋው ይቀርባል ብለው ከመሰከሩ፣ መመለሱ የተፈቀደ ነው ሲሉ ፈረዱ። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ረቢው ምድሩ ይመለስ ብለው አለማዘዛቸው ነው። የምድሩን ቅድስናም አልካዱም። ያሉት፣ ሕጉ እንዲህ ነው፤ የነገሩን እውነተኛ ሁኔታ ግን የሚያውቁት ይናገሩ፣ ነው።

በዚህ ፍርድ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ተነሡ። የመጀመሪያው በ13ኛው መቶ ዓመት በነበሩት በናሕማኒደስ ትምህርት ላይ የቆመ ነው። እርሳቸው ምድሪቱን መውረስን በዘመናት ሁሉ ከሚጸኑት ትእዛዛት አንዱ አድርገው ቆጥረዋል፤ ጦርነት ደግሞ ያለ ሞት ስለማይሆን፣ ነፍስን የማዳን ሕግ ይህን ትእዛዝ አይሽርም ተባለ። ረቢ ኦቫድያ ግን ማይሞኒደስ ይህን ከትእዛዛት ቍጥር አለማስገባታቸውን አስታውሰው፣ ንጉሥና ሳንሄድሪን በሌሉበት በዚህ ዘመን በሕግ የታዘዘ የወረራ ጦርነት የለም ብለው መለሱ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ የረቀቀ ነው። በኒው ዮርክ ይኖሩ የነበሩት የሉባቪች ሐሲዲም መሪ፣ ረቢ መናሔም ሽኔርሶን፣ የሐኪሙን ምሳሌ ራሳቸውም ይቀበሉታል። ነገር ግን በ16ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው በዮሴፍ ካሮ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጠረፍ ከተማ የተደነገገውን አነሡ፤ ጠላት ጭድና ገለባ ብቻ ፈልጎ ቢመጣ እንኳ፣ አገሩ እንዳይከፈትበት በሰንበት የጦር መሣሪያ ይዞ መውጣት ይገባል የሚለውን ነው። ስለዚህ የጦር አዋቂዎች ፖለቲካን ትተው ስለ ጦር ብቻ ቢናገሩ፣ ምድርን መስጠት አደጋውን እንደሚያበዛ ይመሰክራሉ አሉ። ሁለቱ ረቢዎች በሕጉ ሳይለያዩ በፍርዱ ተለያዩ፤ ያለያያቸው የሁኔታው ግምት ነው።

የሁኔታው ግምት ሲለወጥም የረቢ ኦቫድያ ድምዳሜ አብሮ ተለወጠ። በ1993 የኦስሎ ስምምነት ለምክር ቤቱ በቀረበ ጊዜ አብዛኞቹ የሻስ እንደራሴዎች ስምምነቱን ከመቃወም ተቈጥበው ድምፃቸውን ሳይሰጡ ቀሩ። በ2000 የተጀመረው ደም መፋሰስ ከከፋ በኋላ ግን፣ በ2003 ረቢው ፍርዳቸው የተሰጠው እውነተኛ ሰላም ለሚገኝበት ጊዜ ብቻ መሆኑን ገለጹ፤ በ2005ም ከጋዛ መውጣትን ተቃወሙ። በስብከታቸው ስለ ዐረቦች የተናገሩት ጽኑ የጥላቻ ቃልም ብዙ ነቀፌታ አስከትሎባቸዋል። በ2010 በፍልስጥኤማውያንና በመሪያቸው ላይ የእርግማን ቃል ከተናገሩ በኋላ፣ ለግብፁ ፕሬዚዳንት ለሙባረክ በላኩት ደብዳቤ የሰላሙን ድርድር እንደሚደግፉ አስታወቁ። ተቃዋሚዎቻቸው ይህን የፖለቲካ መወላወል ይሉታል። ነገር ግን ፍርዱ ከመጀመሪያው በሁኔታ የታሰረ ስለ ነበር፣ የድምዳሜው መለወጥ ብቻውን የመሠረቱ መፍረስ ምልክት አይሆንም። የፍርዱ ደካማ ጎን ሌላ ነው፤ ከሚለያዩት አዋቂዎች መካከል የትኞቹ እንደሚታመኑ የሚመርጠው ሰው በእርግጥ የፈራጁን ሥልጣን ይይዛል።

ይህ አካሄድ ከቤተ እስራኤል ፍርድ ጋር ሲነጻጸር አንድ ቁም ነገር ይገኛል። ረቢ ኦቫድያ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው፤ ከመጥፋትም ሊያድኗቸውና ወደ እስራኤል መምጣታቸውን ሊያፋጥኑላቸው ይገባል ብለው ጻፉ። በ1975 መንግሥቱ የመመለስ ሕግ ለእነርሱም እንዲሠራ ወሰነ። የረቢው ዋና ማስረጃ በ16ኛው መቶ ዓመት በካይሮ የነበሩት ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ፣ ከኢትዮጵያ ተማርካ ስለ መጣች ሴት ተጠይቀው፣ ወገኖቿ ከነገደ ዳን ናቸው ብለው የመለሱት ነው። የታሪክና የሕዝብ ጥናት ሊቃውንት ግን በብዛት የቤተ እስራኤልን ማኅበር አመጣጥ የሚፈልጉት በኢትዮጵያ በራሷ፣ በተለይም ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዓመት በሆነው ታሪክ ውስጥ ነው። እንግዲህ ስለ ጸጥታ ከረቢዎች ውጭ ያሉትን አዋቂዎች የጠየቁት ሰው፣ ስለ ትውልድ ግን የቀደሙትን ረቢዎች ምስክርነት ብቻ በቂ አደረጉ። ስለዚህ ፍርዳቸው የሕግ ማስረጃ እንጂ የታሪክ ማስረጃ ተደርጎ ሊጠቀስ አይገባም።

ሆኖም በሕግ ረገድ ሥራው ታላቅ ነበር። በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991ም ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ወደ እስራኤል የሄዱት ይህ በር ከተከፈተ በኋላ ነው። የዋና ረቢዎች ጽሕፈት ቤት ለጥርጣሬው ሲባል በውኃ የመጥለቅን ሥርዓት እንዲፈጽሙ በጠየቃቸው ጊዜ፣ ቤተ እስራኤል በ1985 በኢየሩሳሌም አደባባይ ተቃወሙ፤ ረቢ ኦቫድያም መለወጥ አያስፈልጋቸውም በሚለው ፍርዳቸው ጸኑ። በ2013 በሞቱ ጊዜ ስለ ምድር የሰጡት ፍርድ ገና ያከራክር ነበር፤ ስለ ሰዎቹ የሰጡት ፍርድ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ሕይወት ሆኖ ነበር።