የቦይ ዳር አጥማጅና ጎረቤቶቹ

ግራንድ ዩኒየን ከለንደን ተነስቶ በርሚንግሃም የሚደርስ፣ 220 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የእንግሊዝ የጀልባ ቦይ ነው። የአሁን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1929 የተለያዩ ኩባንያዎች ቦዮች ሲዋሃዱ ቢሆንም የዋናው ክፍል ቁፋሮ የተጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። ያኔ የድንጋይ ከሰል የጫኑትን ጀልባዎች ፈረስ ከዳር ሆኖ በገመድ ይጎትት ነበር። ባቡር መጥቶ ሥራውን ቢቀማቸውም የፈረሱ መንገድ አልጠፋም፤ ዛሬ የእግረኛው፣ የብስክሌተኛውና የአጥማጁ ነው።

አጥማጅ ሲባል ወንበር ዘርግቶ፣ ትል ሰክቶ ቁጭ ያለ ሰው ይታየን ይሆናል። እዚህ የምናነሳው ግን ተራማጁን ነው። መንጠቆው ላይ ያለው ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ጣት የማያህል የአሳ ምስል ነው፤ ሉር ይሉታል። ነፍስ የሚዘራበት የአጥማጁ እጅ ነው። ወርውሮ እስኪሰምጥ ይጠብቃል፤ የዘንጉን ጫፍ ቀና ሲያደርግ ፕላስቲኩ ከጭቃው ብድግ ይላል፣ ሲያላላው ጅራቱን እያወዛወዘ ተመልሶ ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ የሚነከሰውም ሲወርድ ነው፤ ክሩ ላይ ትንሽ ቸብ የምትል ነገር ትሰማለች። ጥቂት ወርውሮ ያልቀናው ሰው ዘንጉን ይዞ ወደፊት ይሄዳል።

ወዴት እንደሚሄድ ማወቁ ነው ቁም ነገሩ። ቦይ ላላወቀው ሰው ከጫፍ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የደፈረሰ፣ የማይፈስ ውሃ። ነገር ግን ጀልባዎች ሲመላለሱ መሃሉ ጠለቅ፣ ዳርና ዳሩ ከፍ እንዳለ ይቀራል፤ ፐርች የሚያደባው በዚህ ቁልቁለት ግርጌ፣ በድልድይ ጥላ ሥርና ከቆሙ ጀልባዎች ሆድ በታች ነው። ፐርች በወይራ አረንጓዴ ገላው ላይ ጥቁር ሽንትሮች የወረዱበት፣ የታች ክንፎቹ ቀይ የሆኑ አሳ ነው። ሲይዙት የጀርባውን እሾህ ያቆማል፤ መዳፉን ያልተወጋ የፐርች አጥማጅ ያለ አይመስለኝም።

ቦታ ጠቋሚዎቹ እንግዲህ ወፎቹ ናቸው። ግራጫው ሽመላ ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ተገትሮ ከቆየ ጥቃቅን አሳ እዚያ አለ ማለት ነው፤ ጥቃቅኑ ካለ ትልቁም ብዙ አይርቅም። ኪንግፊሸር ከመታየቱ በፊት ቀጭን ፉጨቱ ይሰማል፤ ከዚያ ሰማያዊ ነገር ውሃውን ታክኮ እልም ይላል። የቸኮለ ሰው አያየውም። ቅርንጫፍ ላይ ሲያርፍ ላገኘው ግን ትርኢት ነው፤ የያዘውን አሳ እንጨቱ ላይ ደጋግሞ ይደበድብና በጭንቅላቱ በኩል ይውጠዋል፣ ክንፉና ቅርፊቱ ጉሮሮውን እንዳይቧጥጠው።

የስዋን ታሪክ ግን አጥማጁን ራሱን ይመለከታል። ይህ ነጭ ትልቅ ወፍ ጥርስ የለውምና ምግቡን የሚፈጭለትን ጠጠር ከውሃው ግርጌ ይውጣል። አጥማጆች የጣሉትን የእርሳስ እንክብልም እንደ ጠጠር ይውጠው ነበር። እርሳሱ ሆዱ ውስጥ እየተፈጨ ደሙ ውስጥ ይገባል፤ ጡንቻው ይዝላል፣ ረጅም አንገቱ ይጎብጣል፣ መብላት ያቅተውና ይሞታል። በ1987 አነስተኛ የእርሳስ ክብደቶች ለማጥመጃ እንዳይሸጡ በሕግ ተከለከለ፤ ስዋኖቹም አገገሙ። ብዙ አጥማጅ ዛሬ ተንግስተን ይጠቀማል፤ ውድ ነው፣ ቢሆንም ከእርሳስ ይልቅ ጠጣር ስለሆነ የውሃውን ወለል ለእጅ ያሳብቃል።

የውሃ አይጥ ዕድል ግን እንዲህ አልሆነም። ለፀጉሩ ሲባል ከአሜሪካ የመጣው ሚንክ ከእርባታ አምልጦ ውሃ ዳሩን ወረሰ፤ ሴቷ ሚንክ ቀጭን ስለሆነች አይጧ ጉድጓድ ድረስ ዘልቃ ትገባለች። ዳሩን በብረት ሳንቃ መከለልም ጉድጓድ መቆፈሪያ አሳጥቷታል። እኔን ብትጠይቁኝ ከብረቱ ይልቅ ቄጠማ የበቀለበት ዳር ለአሳውም ለአይጧም ይሻላል።

ሌላው መጤ ዛንደር የተባለው አሳ ነው። በ1963 ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ ተለቀቀ፣ ኋላም የመካከለኛው አገር ቦዮች ውስጥ ገባ። በድፍርስ ውሃ የሚያይ ዓይን ስላለው ጀልባ የበጠበጠው ቦይ ተስማምቶታል፤ ሲመሽ ያድናል። ቦዮቹን የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት በኤሌክትሪክ እያፈዘዘ ሲያወጣው ቆይቷል፤ አንዳንድ አጥማጆች ደግሞ ወደውታል፣ ክርክሩም አልበረደም። ፐርቹና ፓይክ የተባለው ጥርሳም አሳ ግን ሲያዙ ይመለሳሉ። ዓሣ ይዞ መልሶ ውሃ ውስጥ መልቀቅ ለዝዋይና ለጣና ሰው ሊያስቀው ይችላል፤ እዚያ ግን ወጉ ይኸው ነው።

ሊሞክር የሚፈልግ ሰው 13 ዓመት ከሞላው የመንግሥት የዘንግ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በዚህ ላይ የቦዩ ባለቤት ወይም የተከራየው ክለብ ፈቃድ ይጨመራል። ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ወንዞች ሲዘጉ አብዛኛው ቦይ ክፍት ነው። ክሩ ጫፍ ላይ ደግሞ አጭር የብረት ሽቦ ይታሰር፤ ፓይክ ተራውን ክር በጥርሱ በጥሶ መንጠቆውን ጉሮሮው ውስጥ ይዞ ይሄዳልና።