ሁለት ሕፃናት ይዘው የተመለሱት እናት

ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ሸበል አቦ በተባለች የገጠር መንደር ተወለዱ። አባታቸው በኢጣሊያ ወረራ ስለሞቱ ያደጉት በአያቶቻቸው እጅ ነው። በአሥር ዓመታቸው ያለ ፈቃዳቸው ቢዳሩም ሸሽተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ተምረውም ሥራ ያዙ።

ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ሲሄዱ በድርቅ የተጎዳውን ሕዝብ አዩ። የያዙትን ዳቦ አካፍለው፣ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ወይዘሮ አበበች ትዳራቸውንና ሥራቸውን ትተው፣ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ አሳደጓቸው። በስማቸው የተቋቋመው ድርጅትም ከመጠለያ ሌላ ትምህርትና የሙያ ሥልጠና ይሰጥ ጀመር። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ሲያርፉ ብዙዎች እንደ ወላጅ እናት አለቀሱላቸው።

የደባርቅ፣ የዳባትና የስሜን ተራሮች ግርጌ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከዚህ ሕይወት የሚማሩት አለ። ወይዘሮ አበበች የጀመሩት ባዶ እጃቸውን፣ በሁለት ልጆች ነው። በየቀበሌው ወላጅ ያጣውን ልጅ ለይቶ ማወቅ፣ የሚያስጠጋው ቤት መፈለግ፣ ከትምህርት እንዳይቀር መከታተል፣ የአባቱ ማሳም በሌላ እንዳይወሰድበት መጠበቅ ከሩቅ የሚመጣ ርዳታ የሚጠበቅበት ሥራ አይደለም።